የተሰፋ ክር፣ የተቀመጠ አድራሻ

የብራና መጽሐፍ ሲዘጋ ከጎኑ የክር ጫፎች ብቅ ብለው ይታያሉ፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አንዳንዴም ቢጫ። ከብዙ ዘመን በፊት መርፌ የያዘ አንድ ሰው የቅጠሉን ኅዳግ ወግቶ፣ አስሮ የተዋቸው ናቸው። ሥዕል ያለበትን ቅጠል፣ በበዓል ቀን የሚነበበውን ተአምር፣ ወይም ምክንያቱን የሰፋው ሰው ብቻ የሚያውቀውን አንድ ስፍራ ያመለክታሉ። አንባቢው ጣቱን ክሩ ላይ አሳርፎ ይገልጣል፤ ቦታው ይመጣለታል። ኮምፒውተር ላይ ቡክማርክ የምንለው ነገር ሥራው ይኸው ነው። ልዩነቱ ክሩ የተሰፋው ብራናው ራሱ ላይ መሆኑ ነው። መጽሐፉ ቢቃጠል ክሩም ይቃጠላል፤ ቢሰረቅ አብሮ ይሄዳል። የምልክቱና የተመለከተው ነገር ዕጣ አንድ ነው። ቡክማርክ ግን ላሊበላ ባለ ላፕቶፕ ውስጥ ይኖራል፤ የሚያመለክተው ገጽ ደግሞ ባሕር ማዶ፣ ማንም በዓይኑ ባላየው አዳራሽ ውስጥ በተደረደረ ማሽን ላይ ነው። አንዱ ሞቶ ሌላው ሊኖር ይችላል። ብዙ ጊዜም የሚሆነው እንደዚያ ነው።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ ላሊበላ የሚኖር አስጎብኚ ወዳጄ ላፕቶፕ ነው። መብራት ድንገት ሄደ፤ ባትሪው ከደከመ ቆይቷል፤ ማሽኑ ድርግም አለ። መብራቱ ሲመለስ ላፕቶፑ ተነሣ፣ ብራውዘሩ ግን አልከፍት አለ። ሲጫኑት መስኮቱ ብልጭ ይልና ይጠፋል። የሰውየው የሥራ ዘመን ያለው እዚያ ውስጥ ነው፤ እንግዶች ጠይቀውት ያልመለሰላቸውን ነገር የሚያጣራባቸው ጽሑፎች፣ ስለ ይምርሐነ ክርስቶስና ስለ ገነተ ማርያም የተሠሩ ጥናቶች፣ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ የእግር መንገድ ካርታዎች፣ እና «ነገ አነበዋለሁ» ብሎ ክፍት የተዋቸው ታቦች። ታቦቹ ከብዛታቸው የተነሣ ርእሳቸው አይነበብም ነበር። ሲዘጋቸው የሚቀጣ ይመስል አንዱንም አይነካም።

ኮምፒውተር ጠጋኝ ዘንድ የሄደ ሁሉ የሚሰጠውን ምክር ያውቀዋል፦ ፎርማት ይደረግ። ፎርማት ማሽኑን ያድናል። ባለማሽኑ ግን የፈለገው ማሽኑን አልነበረም። ወዳጄ ዕድለኛ ሆኖ ላፕቶፑን ያየለት ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግን ጎረምሳ እጁ የማይቸኩል ነበር።

«ጋሼ፣ እስካሁን ደጋግመው ሞክረውታል?»

«እንዴታ! ይከፈት እንደሆነ ብዬ ነዋ።»

«በቃ ከእንግዲህ እንዳይነኩት። መጀመሪያ ፎልደሩን ፍላሽ ላይ ኮፒ ላድርገው።»

«ሳልከፍተው እንዴት አገኘዋለሁ፣ ልጄ?»

«መክፈቱ እኮ ነው የሚያጠፋው፣ ጋሼ።»

ልጁ ያለው ነገር ትክክል ነው። ብራውዘር ለእኛ መስኮት ሆኖ ይታየናል፤ ከኋላው ግን ተራ ፋይሎች የተቀመጡበት ፎልደር ነው። ክሮም ቡክማርኮቹን የሚያኖረው በአንድ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ሲሆን ማንም ሰው በኖትፓድ ከፍቶ ሊያነበው ይችላል። ከጎኑም የቀድሞው ቅጂ አለ። ክፍት የነበሩት ታቦች «ሴሽንስ» በሚባል ሌላ ፎልደር ለብቻቸው ይመዘገባሉ። ፋየርፎክስ በበኩሉ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቡክማርኩንና የተጎበኙትን ገጾች ዝርዝር በአንድ የዳታቤዝ ፋይል አጣምሮ ይይዛል፤ ለቡክማርኮቹ እስከ 15 የሚደርስ የቀን ቅጂ ያስቀምጣል፤ የታቦቹን ሁኔታ ደግሞ በየ15 ሰከንዱ ይጽፋል። ስለዚህ ብራውዘር አልከፍት ባለ ዕለት አብዛኛውን ጊዜ የጠፋ ነገር የለም። የተበላሸው የሚያሳየው ፕሮግራም እንጂ የሚታየው ነገር አይደለም። አደጋው የሚመጣው ቀጥሎ ነው። ብራውዘር በተነሣ ቁጥር አዲስ መዝገብ ይጀምራል፤ ያለፈውን ወደ ኋላ ይገፋል፤ ከዚያ በፊት የነበረውን ይሰርዛል። ሁለት ሦስቴ ግማሽ ድረስ ተነሥቶ የወደቀ ብራውዘር ባዶውን ገጽ «የመጨረሻው ሁኔታ» ብሎ በደኅናው መዝገብ ላይ ሊጽፍበት ይችላል። ባለቤቱ ንብረቱን ለማየት ሲጓጓ በገዛ እጁ ይሰርዘዋል ማለት ነው።

ይህ የማሽን ጠባይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልቆምኩበት ነበር። በ2000 እ.ኤ.አ. የአንጎል ተመራማሪዎቹ ካሪም ናደር፣ ግሌን ሻፌና ጆሴፍ ለዱ በአይጦች ላይ ባደረጉት ሙከራ ያሳዩት ነገር ከዚህ ጋር ይገጥማል፦ ቀድሞ የጸና የፍርሃት ትዝታ እንደገና ሲጠራ ይላላል፤ እንዲቀጥል ከተፈለገ አንጎል እንደ አዲስ ማጽናት አለበት፤ በዚያች ሰዓት ማጽናቱ ከተከለከለ ትዝታው ይደክማል። ትዝታ በተከፈተ ቁጥር ሳይነካ የሚመለስ መዝገብ አይደለም። ሽማግሌዎች አንድን ታሪክ ደጋግመው ሲያወሩ የሚለወጠው ዋሽተው አይደለም፤ ባወሩት ቁጥር የሚጽፉት በቀድሞው ላይ ስለሆነ ነው። እኛ ግን «ማስታወስ» እና «ማስቀመጥ» አንድ ወገን፣ «መርሳት» ሌላ ወገን የሚሆኑ ይመስለናል።

የላሊበላ አገር ላስታ መዘጋትን በሌላ መልክም ያውቀዋል። ቤተ ማርያም በተባለው የላሊበላ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ዓምድ አለ፤ ዓምደ ብርሃን ይሉታል። በትውፊቱ ያለፈውና የሚመጣው ሁሉ ተጽፎበታል። ወዳጄ እንደሚለው ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ሁሉ «ለምን አይገለጥም?» ብሎ ይጠይቃል፤ የአገሩ ሰው ግን አይጠይቅም። የተዘጋ ሁሉ የጠፋ ነው የሚለው ግምት የእኛ የስክሪን ሰዎች ግምት ነው። የላፕቶፑ መዘጋት ያስጨነቀው ሰው በየቀኑ እንግዶቹን ከዓምዱ አጠገብ አቁሞ የጨርቁን ነገር በሰላም ያስረዳል። ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። «ዓምዱን የዘጋው የሚያውቀው ነው፤ ይሄን የዘጋው መብራት ነው» አለኝ። ሳልወድ ተቀበልኩት።

ሳይጠፋ በፊት መቅዳት ደግሞ በዚህ አገር በትልቁ ተሠርቶበታል። በ1973 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ብራናዎችን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ፤ በእንግሊዝኛ ፊደሎቹ አጥሮ ኢኤምኤምኤል ይባላል። ከየገዳሙና ከየደብሩ ከ9,000 በላይ ብራናዎች ተነሡ፤ አንዱ የፊልሙ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፣ ሌላው አሜሪካ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ሄደ። እዚያ ተቀምጠው ቅጠል በቅጠል ያነበቡትና ከካታሎጉ አብዛኛውን ያዘጋጁት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1975 እ.ኤ.አ. በጥይት ተመትተው መራመድ የተሳናቸው ሰው፣ አገራቸውን በእግራቸው ሊረግጡ ባልቻሉባቸው ዓመታት መጻሕፍቷን አንድ በአንድ አገላበጡ፤ በ2021 እ.ኤ.አ. አረፉ። የላሊበላው የቤተ መድኃኔ ዓለም ወንጌል በዚያ ስብስብ ቁጥሩ 6907 ነው። መጽሐፉ ላስታ ነው፣ ቁጥሩ ሚኒሶታ። አዲስ አበባ፣ ፓሪስ ወይም ሃምቡርግ ያለ ተመራማሪ ይህን ቁጥር ሲጠራ ሌላው ይገባዋል፤ እንደ ቡክማርክ ያገለግላል ማለት ነው። ሆኖም ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። የኅዳጉ ክር ቀይ ይሁን ሰማያዊ አይነግርም። ጽሑፉ ተቀድቷል፤ ሌላ ሰው «እዚህ ጋ ተመልከቱ» ብሎ የተወው ቀለም ግን እዚያው ቀርቷል። ከቅጂ ሁሉ መጀመሪያ የሚወድቀው የአንባቢው አሻራ ነው።

ከወዳጄ ፎልደር የወጣውም እንደዚያው ነበር። አድራሻው ሁሉ ተገኘ። ርእሱም ተገኘ። ከእያንዳንዱ ጋር አንድ ረጅም ቁጥር አለ፤ ለካ ምልክቱ የተደረገበት ቀን ኖሯል። አንዳንዶቹ ብራውዘሮች፣ ክሮምን ጨምሮ፣ ጊዜን የሚቆጥሩት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1601 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማይክሮሰከንድ ነው። ለምን 1601? የጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ400 ዓመት አንድ ዙር ይሞላል፤ ከ1601 አዲስ ዙር ስለሚጀምር ለስሌት ይመቻል። ይህ ለባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም ለቤተ ክርስቲያን የዘመን ቆጠራ፣ ተማሪ እንግዳ አይሆንበትም። ከልደተ ክርስቶስ በፊት 5500 ዓመት ብሎ ለሚነሣ፣ በ532 ዓመት ዐቢይ ቀመር ለሚያዞር ሰው 1601 ትናንት ነው። ሁለቱም ለስሌት የሚመቻቸውን መነሻ መርጠዋል፤ አንዱ ብቻ መነሻውን ፍጥረት ብሎ ሰየመው።

ቁጥሮቹን ወደ ቀን ስንመልሳቸው ያላሰብነው ነገር ወጣ። ምልክቶቹ በዓመቱ ውስጥ እኩል አልተበተኑም። በየኅዳሩና በታኅሣሥ መጀመሪያ ይበረክታሉ፤ ገና ሊደርስ ነው፣ ላሊበላ በሕዝብ ልትሞላ ነው፣ አስጎብኚው ይዘጋጃል። ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኋላ ይሳሳሉ፤ ኮሮና ገብቷል፣ እንግዳ የለም። ከሐምሌ 2013 መጨረሻ ጀምሮ ጭራሽ የለም። የሕወሓት ኃይሎች ከተማዋን የያዙት በዚያ ሰሞን ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ 2014 ላይ ከተማዋ ከእጅ ወደ እጅ ተመላለሰች፤ መብራትም ለብዙ ወራት ጠፍቶ ቆየ። ከዚያ ምልክቱ ቀስ ብሎ ይቀጥላል። ሐምሌ 2015 ማብቂያ ላይ እንደገና ይቋረጣል፤ በአማራ ክልል በፋኖ ታጣቂዎችና በመንግሥት ኃይሎች መካከል ውጊያው ሲቀጣጠል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። ማንም ዜና መዋዕል እጽፋለሁ አላለም። አንድ ሰው ለሥራው የሚያስፈልገውን ገጽ ምልክት ያደርግ ነበር፣ በቃ። ባላደረገባቸው ወራት ግን የላስታ የቅርብ ታሪክ ተጽፎ ተገኘ። እኔ ከዝርዝሩ ሁሉ ያነበብኩት እነዚያን ክፍተቶች ነው።

ያልተገኘው ምክንያቱ ነው። ብራውዘር ብዙ ያስቀምጣል። ታቡ ከየትኛው ገጽ ተነሥቶ የት እንደደረሰ፣ በቅጽ ላይ ግማሽ ድረስ የተሞላውን፣ ገጹን ወደ ታች ስንስብ የቆምንበትን ስፍራ ሳይቀር በቁጥር ይይዛል። ዓይናችን የት እንዳቆመ የሚያውቅ ማሽን ለምን እንደቆመ አያውቅም። ቫኔቫር ቡሽ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በሐምሌ 1945 እ.ኤ.አ. አትላንቲክ መጽሔት ላይ ሜሜክስ የሚል ስም የሰጠውን መሣሪያ ሲያልም፣ ሰው ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ የሄደበት ፈለግ ተመዝግቦ እንደማይጠፋና ለወዳጅም ሊተላለፍ እንደሚችል አስቦ ነበር። ፈለጉ በርግጥ ይመዘገባል። ነገር ግን ፈለግ የሄደውን ሰው ፍላጎት አይሸከምም። ወዳጄ ከራሱ ታቦች መካከል ስለ ሶርያ የድንጋይ ጠራቢዎች የሚያወራ አንድ ገጽ አገኘና ረጅም ሰዓት አየው። ማን ጠይቆት ነው? ከየትኛው እንግዳ ጋር ተከራክሮ ነው? የቅድሙ እርሱ ለአሁኑ እርሱ ማስታወሻ ትቶለታል፤ አሁን ያለው ሰው ግን ማስታወሻው የተጻፈለት ሰው አልሆነም።

ፍልስፍና የምለው ነገር ካለ እዚህ ጋ ነው። ቡክማርክ ያነበብነውን አያሳይም፤ ልናነብ የፈለግነውን ያሳያል። ክፍት ታብ ደግሞ ይብሳል፤ ገና ያልጣልነው ውጥን ነው። ስለዚህ ብራውዘር አልከፍት ሲል የሚያስደነግጠን ዕውቀት መጥፋቱ አይደለም፤ ያን ዕውቀት አልያዝነውምና። የሚያስደነግጠን ልንሆን ያሰብነው ሰው ማስረጃው መጥፋቱ ነው። ሦስት መቶ ክፍት ታብ ያለው ሰው ሦስት መቶ ጊዜ «ተመልሼ እመጣለሁ» ብሏል። ብራውዘሩ ሲሞት ከቃሉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ነፃ ይወጣል፤ ያ ነፃነት ግን ማንም የማይመኘው ነፃነት ነው። እንዲህ ዓይነቱ እፎይታ ቢሰማቸውም በግልጽ የሚናገሩ ሰዎች ጥቂት ናቸው።

ታቦቹ በሌላ ብራውዘር ላይ ሲመለሱ ኔትወርክ አልነበረም። አንድ በአንድ ተከፈቱ፤ አንድ በአንድ «ከኢንተርኔት ጋር አልተገናኙም» አሉ። አድራሻው ምሉዕ ነው፣ ርእሱ ምሉዕ ነው፣ ቅደም ተከተሉ ሳይቀር እንደነበረ ነው፤ የሚነበብ አንዲት መስመር የለችም። ልጁ ሥራውን ጨርሷል፣ ሒሳቡን ተቀብሏል። ወዳጄም «ተመለሰልኝ» እያለ ለሰው ይናገር ነበር። ምን ተመለሰለት? በዚያች ሰዓት የነበረው የአድራሻ ክምር ነው። ደስታው ግን እውነተኛ ነበር። የመያዝና የማንበብ ደስታ ሁለት የተለያየ ደስታ መሆኑን ከዚያ በላይ የሚያስረዳ አላየሁም።

ኔትወርኩ ሲመጣ ደግሞ ሌላው ጉድ ተገለጠ። ብዙዎቹ ገጾች የሉም። የዘጉ ሆቴሎች፣ ሥራ ያቆሙ አስጎብኚ ድርጅቶች፣ ስሙን የለወጠ መሥሪያ ቤት። አንዱ የጉዞ ማስታወሻ የነበረበት አድራሻ ጭራሽ የውርርድ ድርጅት ሆኖ ቁማር ይጋብዛል። የድረ ገጽ አድራሻ እንደ ቅዳሜ ገበያ መቀመጫ ነው፤ የሚያመለክተው ቦታውን እንጂ ጨው ሻጩን አይደለም፤ ሻጩ በቀረ ዕለት ሌላ ሰው ሌላ ነገር ዘርግቶ ይቀመጥበታል። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል በ2024 እ.ኤ.አ. እንዳወጣው፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ከነበሩ ድረ ገጾች 38 በመቶው ከ10 ዓመት በኋላ አይገኙም። በ1996 የተመሠረተው ኢንተርኔት አርካይቭ የሞቱ ገጾችን ቅጂ እየሰበሰበ ከ2001 ጀምሮ ለሕዝብ ያሳያል፤ ወዳጄም ከጠፉበት አንዳንዶቹን እዚያ አገኛቸው። ግን በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ያ ግምጃ ቤት ራሱ በሳይበር ጥቃት ለቀናት አልከፈት ብሎ ነበር። ከርሱ ወዲያ የሚኬድበት ብዙ የለም።

ላሊበላ የተገላቢጦሹንም ታውቃለች። በ1997 እ.ኤ.አ. አፍሮ አይገባ የተባለው ታላቁ መስቀል ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰረቀ። ነገሩ ሄደ፣ ቦታው ቀረ። ኋላ ከቤልጂየም ሲመለስ ቦታው እንደተጠበቀ ነበር፤ በመካከሉ ማንም ሌላ መስቀል አምጥቶ «አፍሮ አይገባ ይህ ነው» አላለም። ቦታን ባዶ አድርጎ መጠበቅ የሚችል ማኅበረሰብ የአድራሻን ምንነት ከገበያ በተሻለ ያውቃል። ይህ ጥበቃ ደግሞ ወጪ አለው፤ ካህን፣ ዘብ፣ ቁልፍ፣ እና በየትውልዱ የሚረከብ ሰው ይፈልጋል። የዶሜይን ኪራይ በየዓመቱ ይከፈላል፤ የሚረከበው ግን የለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ሌላ የአድራሻ ዓይነት ነው። በጥንት የግእዝ ወንጌሎች መጀመሪያ ላይ በዓምድና በቅስት ያጌጡ ሰንጠረዦች ይገኛሉ፤ ዐድዋ አጠገብ ያሉት የአባ ገሪማ ወንጌሎች በዓለም ላይ ከቀሩት እጅግ ጥንታውያን ሥዕላዊ ወንጌሎች መካከል ሲሆኑ የነርሱ ሰንጠረዦች ስመ ጥር ናቸው። ቀመሩን በ4ኛው ክፍለ ዘመን ያዘጋጀው የቂሳርያው አውሳብዮስ ነው። አራቱን ወንጌሎች በክፍል በክፍል ቆጠራቸው፦ ማቴዎስ 355፣ ማርቆስ 233፣ ሉቃስ 342፣ ዮሐንስ 232። ከዚያ አንድ ነገር በየትኞቹ ወንጌሎች እንደሚገኝ በ10 ሰንጠረዦች ደረደረ። አንባቢው በኅዳጉ ያለውን ቁጥር ይዞ ወደ ሰንጠረዡ ይሄዳል፤ ከሰንጠረዡ ወደ ሌላው ወንጌል ይዘላል። ሊንክ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ታዲያ ቁጥሩ የሚያመለክተው ቅጠሉን አይደለም። ቅጠል ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይለያያል፤ የአንዱ ጸሐፊ እጅ ሰፊ ነው፣ የሌላው ጠባብ። የሚያመለክተው ቃሉን ነው። ስለዚህ በግሪክ የተሠራው ምልክት በግእዝ ይሠራል፤ ትግራይ የተጻፈው ላስታ ይሠራል፤ አንዱ መጽሐፍ ተቃጥሎ ሌላ ቢገለበጥ ምልክቱ ከአዲሱ ጋር አብሮ ይነሣል። ምልክትን ከቦታ ነጥሎ ከነገሩ ጋር ማሰር ይቻላል ማለት ነው፤ ክሩ በአንድ መጽሐፍ ያደረገውን አውሳብዮስ ለመጻሕፍት ሁሉ አደረገው።

ይህ የጥንት ወሬ ብቻ እንዳይመስል፣ በወዳጄ ዝርዝር ውስጥ ሳይሞቱ የቀሩት የትኞቹ እንደሆኑ ልብ ብዬ አይቻለሁ። የጥናት ጽሑፎች ናቸው። እነዚህ የራሳቸው ቋሚ መለያ ቁጥር አላቸው፤ መጽሔቱ ማሽን ቢቀይር፣ አሳታሚው ቢሸጥ ቁጥሩ ወደ አዲሱ ቦታ ይመራል። ስለ ንጉሥ ላሊበላ የመሬት ስጦታዎች የሚያወሳው፣ አናል ዴትዮፒ በተባለው የፈረንሳዮች መጽሔት የወጣው ጥናት እንኳ በመጀመሪያው ሙከራ ተከፈተ። ከአሥራ ሦስተኛው ክፍለ ዘመን የቆየ ሰነድ በስክሪን ላይ ሲነበብ፣ ባለፉት ጥቂት ዓመታት የተሠራው የሆቴል ገጽ የለም።

ሰነዶቹም የቆዩበት ዘዴ ለነገራችን ይረዳል። የንጉሡ የመሬት ስጦታዎች በቤተ መድኃኔ ዓለሙ ወንጌል ውስጥ ተጽፈዋል፤ ሌሎቹም ዛሬ ኤርትራ ውስጥ በሚገኘው በደብረ ሊባኖስ ዘሐም ወንጌለ ወርቅ ውስጥ ይገኛሉ። ለመሬት ውል ብቻ የተለየ መዝገብ ቢሠሩለት ኖሮ መዝገቡ በአንዱ ዘመን ጠፍቶ ይቀር ነበር። ወንጌልን ግን ማንም አይጥልም፤ በየበዓሉ ይወጣል፣ ይሳለሙታል፣ ሲቸገሩም ይዘውት ይሸሻሉ። ስለዚህ የሚጠፋውን በማይጣለው ውስጥ ጻፉት። የዘመኑ ሰውም ሳያስበው ይህንኑ ያደርጋል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚፈልገውን ሊንክ በብራውዘር ከሚያስቀምጠው ይልቅ ቴሌግራም ላይ ለራሱ የሚልከው ይበዛል ብዬ እገምታለሁ። ብራውዘሩን ሊረሳው ይችላል፤ ቴሌግራምን ግን ሳይከፍት አይውልም። ቴሌግራም ወንጌል አለመሆኑን መናገር አያስፈልግም፤ ስልኩ ሲጠፋና አካውንቱ ሲዘጋ ነገሩ ያው ነው።

ወዳጄ አሁን ዝርዝሩን ወደ ተራ የጽሑፍ ፋይል አውጥቶታል፤ ከየአድራሻው ጎን ለምን እንደያዘው አንድ መስመር ይጽፋል። ይህን ያመጣው ራሱ ነው። «ይቺ ስለ ቤተ አባ ሊባኖስ ለጠየቁኝ ሰውዬ»፣ «ይቺ ለልጄ ትምህርት»። ሥራው ቀርፋፋ ነው፤ ግን ብራውዘር የማይጽፈውን የሚጽፍ እርሱ ብቻ ነው። ምክንያታቸው የጠፋበትን ምን እንደሚያደርግ ነው ያልተስማማነው። እኔ ይሰረዙ ባይ ነኝ። እርሱ ደግሞ ክሩን ያነሣብኛል፤ ማን እንደሰፋው፣ ለምን እንደሰፋው ያልታወቀ ክር ከብራና ላይ አይነቀልም ይላል። ክሩ እኮ ከቅጠሉ ጋር ነው፤ ምክንያቱ ቢጠፋም የሚቀጥለው አንባቢ ገልጦ ያነበዋል፣ የራሱን ምክንያት ያገኝለታል። ምክንያቱ የጠፋ፣ ገጹም የሞተ ሊንክ ግን ለማን ነው የሚቀመጠው? ይህን ብዬ መልሱን ስጠብቅ ስልኩ ጮኸ፤ ከሰመራ በመኪና የመጡ እንግዶች ደርሰው ኖሮ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ።